የተቀባው የጨዋታ ጊታር ለምን ይጣበቃል? አንገቱንስ ለምን አንቀባም?

ጥያቄ፦ «ለ11 ዓመት ልጄ ያገለገለ የጊታር ሂሮ 3 (ቁልፍ እየተጫኑ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ) ጊታር ገዛሁላት። የኤክስቦክስ 360 ገመድ አልባው፣ ሌስ ፖል የሚባለው ዓይነት ነው። ጥቁርነቱን አልወደደችውም። እንደ ሐበሻ ቀሚሷ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ላይ ጥለት እንዲኖረው ፈለገች። ከሃርድዌር ሱቅ ነጭ ስፕሬይ ገዝቼ አካሉንም አንገቱንም ቀባሁት። አራት ቀን ሆነው፤ አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። አንገቱ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ቶሎ አይመለስም። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራው ወንድሜ በአሴቶን አጥበህ እንደገና ቀባው፣ ላዩ ላይ ወፍራም ክሊር (ቀለም የሌለው ሽፋን) ጨምርበት ይለኛል። የቀለሙ ርካሽነት ይሆን? ወንድሜንስ ልስማው?» (ከቨርጂኒያ)

ምላሽ፦ አሴቶኑን አይንኩት። ገዝተውት ከሆነም ከጊታሩ አርቀው ያስቀምጡት።

የወንድምዎ ምክር ለቆርቆሮ ልክ ነው። የመኪና በር በቲነር ቢታጠብ ብረቱ ምንም አይሆንም። የእርስዎ ጊታር ግን የተሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። የሌጎ መጫወቻዎች የሚሠሩበት ያው ፕላስቲክ ነው። አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟዋል። ቀለሙን አስለቅቆ አይቆምም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ይበላል። የናይትሮ ቲነርም እንደዚያው ነው። ፊቱ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ደብዝዞ ይቀራል። የባሰው ጉዳት ግን ከውጭ አይታይም። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ምሰሶዎች ሁልጊዜ ውጥረት ላይ ናቸው። ቲነር ሲደርስባቸው በውስጣቸው ይሰነጠቃሉ። አንድ ሰው በቲነር የታጠበ ጊታር አምጥቶልኝ ያውቃል። ላዩን ሲያዩት ደህና ነበር። ካቻቢቴውን አስገብቼ ትንሽ ስጠመዝዝ ምሰሶው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ከዚያ በኋላ ያንን ጊታር አጥብቆ የሚዘጋው ነገር አልተገኘም።

ደግሞ ይህ ዕቃ ተበላሽቶ ሌላ ወዲያው የሚገዛ አይደለም። ጊታር ሂሮ 3 የወጣው በ2007 ነው። የዚያ ዘመን ጊታሮች መመረታቸው ከቆመ ቆይቷል። ዛሬም ክሎን ሂሮ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጫወትባቸው ብዙ ስለሆነ፣ ደህና የሚሠራ ያገለገለ ጊታር ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ስናስብ ቅድሚያ የምንሰጠው ለውበቱ ሳይሆን ለመሥራቱ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ጥፋቱ የርካሽነት አይደለም። ሱቅ ውስጥ ያለው ውድ ጣሳም በዚሁ አኳኋን ቢቀባ ይላጥ ነበር። ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሰው የፓራውልት ቀለም ከበሩ ቀለም ቀድሞ ሲላጥ አይቶ ያውቃል። ፕላስቲክ ቀለምን እንደ ብረት አይዝም። ልሙጥ ነው፣ ቀለሙ የሚቆናጠጥበት ሸካራ ነገር የለውም። ያገለገለ የጨዋታ ጊታር ላይ ደግሞ ሌላም አለ። አንገቱ ላይ የዓመታት የእጅ ቅባት አለ። ሎሽን አለ፣ ላብ አለ፣ ምናልባትም ሻጩ እንዲያብረቀርቅለት ያሸው ሲሊኮን ያለበት ፖሊሽ አለ። ሲሊኮን ካለ ቀለሙ ገና ሲያርፍ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ትናንሽ ክቦች እየሠራ ይሸሻል። እርስዎ ጥቁሩን ልሙጥ ፊት ሳያሹና ሳያጸዱ ቀጥታ ቀብተውታል። ቀለሙ ያረፈው ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ቅባቱ ላይ ነው። ደስ የሚለው ግን ኤቢኤስ ከፓራውልት ፕላስቲክ ይሻላል። አብዛኛው ፓራውልት ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራ ስለሆነ ያለ ልዩ ማጣበቂያ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ፣ ምንም አይዝም። ኤቢኤስ በደንብ ከጸዳና ከታሸ ቀለም ይቀበላል።

መጣበቁ የሌላ ችግር ምልክት ነው። ጣሳው ላይ «በአንድ ሰዓት ይደርቃል» ተብሎ ይጻፋል። ያ ማለት አቧራ አይይዝም ማለት ነው፤ ጠንክሯል ማለት አይደለም። የሃርድዌር ሱቅ ስፕሬይ ብዙ ጊዜ ኢናሜል የሚባለው የቀለም ዓይነት ነው። ኢናሜል ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል። በወፍራሙ ከተቀባ ላዩ ቀድሞ ቆዳ ያበጅና ውስጡ ያለው ማሟሟያ መውጫ ያጣል። የቨርጂኒያ የበጋ እርጥበት ሲጨመርበት ጭራሽ ይዘገያል። መድረቁን በእጅዎ ሳይሆን በአፍንጫዎ ይፈትሹ። ቀረብ ብለው ሲያሸቱት የቀለም ሽታ ካለ አልደረቀም። እኔ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ለዚህ ነው «ወፍራም ክሊር ጨምርበት» የሚለውንም የማልቀበለው። ክሊር ከሥሩ ያለውን አያጠነክርም። እንዲያውም ያልደረቀ ኢናሜል ላይ ላከር ከሚባለው፣ ማሟሟያው ጠንካራ ከሆነው ቶሎ ደራቂ ዓይነት የተሠራ ክሊር ቢነፉ፣ ሥሩ ያለው ቀለም ተነስቶ እንደ ተጨማደደ ቆዳ ይሆናል። የጋራዡን ጠንካራ ክሊር፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን፣ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይሞክሩት። ማጠንከሪያው አይሶሲያኔት ይዟል። ሲተነፈስ ሳንባን ያስቆጣል፣ የማይለቅ አስም ሊያስከትልም ይችላል። ጋራዥ ውስጥ አየር በቱቦ የሚገባለት ጭምብል የሚደረገው ለዚሁ ነው። ለልጅ መጫወቻ ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም።

አረንጓዴው ቁልፍ የማይመለሰው ደግሞ ቦታ ስላጣ ነው። አምስቱ ቁልፎች በየቀዳዳቸው ውስጥ የሚወጡትና የሚገቡት በጣም ጠባብ በሆነ ክፍተት ነው። ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ የጸጉር ያህል ውፍረት ቢያበጅ እንኳን፣ ቁልፉ ጎን ላይ አንድ፣ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ሌላ ሆኖ ክፍተቱን ይሞላዋል። በዚያ ላይ የሚጣበቅ ቀለም ነው። አካሉ ላይ እንደ ክር የሚመታው መምቻ ጠርዝ ላይም ይህ እንዳይደርስ ይዩት። በዚህ ጨዋታ ቁልፍ ለቅጽበት ቢዘገይ ኖታ ያመልጣል። ልጅዎ ችግሩ የእሷ ይመስላታል፤ እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቁልፎቹን ራሳቸውን ለመቀባትም አይፈተኑ። ቅደም ተከተላቸው አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የእኛ ቀለሞች ሆነው ቦታቸው ብቻ ስለተለዋወጠ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ላድርጋቸው» የሚል አይጠፋም። ስክሪኑ ላይ የሚወርዱት ኖታዎች ግን ቁልፎቹን ተከትለው ነው የተቀቡት። ቁልፉ ሲቀየር ልጅቷ ትደናገራለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምክሬ ይህ ነው፦ ከአንገቱ ላይ ቀለሙን ጨርሰው ያስወግዱ፤ አንገቱን መልሰው አይቅቡት። ነጩንም ጥለቱንም የፊት ሽፋኑ ላይ ብቻ ይሥሩት። ሌስ ፖሉ የፊት ሽፋኑ ለብቻው የሚነሳ ነው። ባለቤቱ በሌላ እንዲቀይረው ታስቦ ነው የተሠራው። ይህ ለእርስዎ ትልቅ ዕድል ነው። ሽፋኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ሽቦ የለም፣ ቢበላሽም ጊታሩ አይሞትም። አንገቱ ግን ግራ እጅ ቀኑን ሙሉ ላይ ታች የሚልበት ቦታ ነው። የትኛውም የስፕሬይ ቀለም ያንን መፋተግ፣ ያንን ላብና ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይችልም። የእውነተኛ ጊታር ተጫዋቾችም አንገቱ ላይ ወፍራም ቀለም የማይወዱ ብዙ ናቸው፤ እጅ ይይዛልና።

ሌላ አማራጭ የለም አልልም። የሚለጠፍ ቪኒል አለ። ልጅዎ ነገ ሐሳቧን ብትቀይር ይነሳል፣ ሽታ የለውም፣ መድረቅ አይጠብቅም። የሽፋኑ ጠርዝ ስለሚጎብጥ ግን ማዕዘኑ ላይ መነሳት ይወዳል፣ የጥለትን ረቂቅ መስመርም በመቀስ ማውጣት ከባድ ነው። ሙሉ ጊታሩን እንደ አዲስ መቀባትም ይቻላል። ለዚያ ግን እያንዳንዱን ቁልፍና ስፕሪንግ መፍታት፣ ክፍተቶቹን ሁሉ መሸፈን ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም።

ከአንገቱ ይጀምሩ። ባትሪ ድንጋዮቹን ያውጡ። አንገቱ ከአካሉ እንደሚነቀል ያውቃሉ፤ ይንቀሉት። መገጣጠሚያው ላይ ትናንሽ የብረት መነካኪያዎች አሉ። የቁልፎቹ መልእክት ወደ አካሉ የሚያልፈው በእነሱ ነው። ቀለም ከነካቸው ቁልፎቹ አንዳንዴ ይሠራሉ አንዳንዴ አይሠሩም፤ ሰው ጊታሩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። በአልኮል ባረጠቡት የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ቀስ ብለው ይጥረጓቸው። በቢላ አይፋቋቸው። ከዚያ አንገቱን ይክፈቱ። ከተለጣፊ ሥር የተደበቀ ብሎን ሊኖር ይችላል፣ አልከፈት ሲል ጉልበት ከመጨመር በፊት በጣትዎ ይዳብሱ። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ብሎኖቹን ካርቶን ላይ የጊታሩን ቅርፅ ሥለው በየቦታቸው ይሰኳቸው፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙ ያለቦታው ከገባ ፊቱን ይበሳል።

የአንገቱ ቀለም በደንብ ስላልያዘ ማስለቀቁ አይከብድም። ሰፊ ፕላስተር ለጥፈው በኃይል ይሳቡት፤ ብዙው አብሮ ይወጣል። ቀሪውን በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ይግፉት። በቁልፎቹና በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለውን በስቴኪኒ ይልቀሙት። የሚቀረውን ጭላፊ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከፋርማሲ ይገኛል። መጥረግ ነው እንጂ መዘፍዘፍ አይደለም። ገና የሚጣበቅ ቀለም ላይ ብርጭቆ ወረቀት አያሳርፉ፣ ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል። አካሉን በጀርባ በኩል የሸፈነውን ቀለም ደግሞ ሙቀትና ደረቅ አየር ባለበት ክፍል ሁለት ሳምንት ይተዉት። ከዚያ ፕላስተር ለጥፈው ይሳቡ። ቀለም ይዞ ካልወጣ ይቆይ። ከወጣ እሱንም ያንሱት። ለማፍጠን ብለው ምድጃ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አያስገቡት፤ ፕላስቲኩ ሊጣመም ይችላል።

የፊት ሽፋኑን ካነሱ በኋላ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት። መታጠቡ ከመታሸቱ ይቀድማል። ቅባቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ካሳረፉ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ የሚጣበቀውን ቀለም እንደ አንገቱ በፕላስተርና በካርድ ያንሱ፤ የቀረው ሲጠነክር ቁጥር 400 ወረቀት በውሃ አርጥበው እሱንም ያንሱ፣ በ600 ያለስልሱ። የሚፈልጉት ጥልቅ ጭረት አይደለም። ሽፋኑን ወደ መብራት አዘንብለው ሲያዩት የትም ቦታ ማብረቅረቅ ከሌለ በቂ ነው። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ቀለሙ ነገ የሚለቀው እዚያ ነው። አድርቀው በአልኮል ይጥረጉት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት።

ከዚያ የፕላስቲክ ፕራይመር። ነጭ ይምረጡ፤ ነጩም ሆነ የጥለቱ ቢጫ ጥቁር ላይ ቶሎ አይሸፍኑምና። ፕራይመር፣ ቀለምና ክሊር ከአንድ አምራች፣ ከአንድ ዓይነት ይሁኑ። ላከር ከላከር፣ ኢናሜል ከኢናሜል ጋር። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ይወዝውዙ። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። መንፋቱን ከሽፋኑ ውጭ ጀምረው ከሽፋኑ ውጭ ይጨርሱ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጤዛ ይሁን። ጥቁሩ ይታይ፣ ግድ የለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአንድ ዙር ልሸፍን ሲል ቀለሙ ይፈሳል። አሥር ደቂቃ እየጠበቁ ሦስት ወይም አራት ስስ ዙር ይንፉ። ፕራይመሩ ሲደርቅ ነጩን ቀለምም በዚሁ አኳኋን ይንፉ። ጣሳው ላይ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ ድገም» የሚል ዓይነት ማስጠንቀቂያ ካለ እንዳለ ያክብሩት። በመሃል ያለው ጊዜ ቀለሙ የሚጨማደድበት ነው።

ጥለቱን በተመለከተ፣ ነጩ ቢያንስ ሦስት ቀን ይረፍ። ከዚያ ለቀለም የተሠራውን ስስ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ተራው የወረቀት ፕላስተር በጠርዙ ሥር ቀለም ያሳልፋል። ልጅዎ የቀሚሷን ጥለት ወረቀት ላይ ትሣለው፣ እርስዎ በስለታም ምላጭ ይቁረጡት። ዳይመንዱንና መስቀሉን ተለቅ ያድርጉት፤ ሸማኔ በክር የሚያወጣውን ረቂቅነት በስፕሬይ አያገኙትም። አሁን አንድ የሙያ ዘዴ ልንገርዎት። ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ መጀመሪያ የሚነፉት ባለቀለሙን ሳይሆን እንደገና ነጩን ነው። በፕላስተሩ ሥር የሚሰርግ ካለ ነጩ ይሰርግና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ነጭ በነጭ ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ የሚነፋው ቀይ ወይም አረንጓዴ መግቢያ አያገኝም። ፕላስተሩን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ወደ ራሱ አጥፈው ቀስ ብለው ይሳቡት። መስመሩ እንደ ምላጭ ይወጣል። ልጅቷን ይህንን እንድትስብ ይፍቀዱላት፤ ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ይኸው ነው። በመጨረሻ ሁለት ስስ ዙር ተራ የጣሳ ክሊር ይበቃል።

ጥለቱ ላይ ወርቃማ ቀለም ቢፈልጉ ተራ ወርቃማ ስፕሬይ ችግር የለውም። ጊታሩ ከኤክስቦክሱ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ግን የአሉሚኒየም ፎይል ወይም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም አይጠቀሙ፤ ሞገዱን ያፍናሉ።

ውጭ ይንፉ። ጋራዥዎ ውስጥ የሚነፉ ከሆነ የውሃ ማሞቂያውን ያስታውሱ፤ በጋዝ የሚሠራው ውስጡ እሳት አለው። የስፕሬይ ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ማስክ አቧራ እንጂ የቀለም ትነት አያግድም። ለትነት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ያድርጉ። በሚነፉበት ሰዓት ልጅዎ አጠገብ አትቁም። ቀኑ ዝናባማ ከሆነ ይተዉት፣ በእርጥበት ላከር ነጭ ጭጋግ ይለብሳል።

ሽፋኑ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ይተኛ። በዚህ መሃል ጊታሩን ያለ ሽፋኑ ገጥመው ይሞክሩት። አምስቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ መምቻውን ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ዋሚ ባር የሚባለውን ዘንግ፣ አንገቱን ቀና ሲያደርጉት የሚነቃውን፣ ስታር ፓወር የሚባለውን የጨዋታ ጉልበትም ይፈትሹ። አረንጓዴው አሁንም ከዘገየ ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ቀለም አለ፤ መልሰው ይክፈቱት።

ሽፋኑ ላይም ቢሆን የቀኝ ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ከጊዜ በኋላ መሳሳቱ አይቀርም። ልጅዎ ሎሽን ተቀብታ ወዲያው የምትጫወት ከሆነ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ የተረፈውን ነጭ አይጣሉት። ጣሳውን ገልብጠው ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ይንፉና አፉን ያጽዱ፤ የገዙበትን ወር ጽፈው ያስቀምጡት።